አዘዞ የቆመው ዚል-131፦ ሞተሩ ይቅደም ወይስ ፍሬኑ?

ስለ አሮጌ መኪና እድሳት በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ አንድ ክር (የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) ላስነብባችሁ። የክሩ መክፈቻ አጭር ናት። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ዚል-131 የተባለ የሶቪየት ወታደራዊ ካሚዮን አለ። በጨረታ የተገዛ ነው፤ ሊብሬው በእጅ ነው፤ ካቢኑ አልበሰበሰም፤ ጎማዎቹ ተንፍሰው ቸርኬው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ሞተሩ ደግሞ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) አልዞር ብሏል። ባለቤቱ መኪናውን ለጭነት አይፈልገውም። ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው አድርጎ ማደስ፣ በዓል ሲሆን ማውጣት ነው ምኞቱ። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ የተጣበቀ ሞተር እንዴት ይላቀቃል፣ የቤንዚኑን ሞተር አውርዶ ናፍጣ መግጠም ይሻላል ወይ፣ መለዋወጫስ ከየት ይገኛል። ሲዘጋ ግን አንድ ሐሳብ ጣል አደረገ፤ ሞተሩ ከተነሣ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው፣ መኪናውን በራሱ ኃይል ሽቅብ እየነዳ ፒያሳ አቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ ይወስደዋል። ክሩን እስከ 24ኛ መልስ ያስረዘመው ይህ ሐሳብ ነው።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። ጠያቂውን ወንድሜ እያለ፣ መኪናውን በሌላ መኪና እያስጎተተ ወይም በሞተሪኖ (በማስነሻው) እያስገደደ ሞተሩን ለማዞር እንዳይሞክር ለመነው። ስምንቱም ካንዴላዎች ይፈቱ፤ በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ግማሽ ናፍጣ ግማሽ የሞተር ዘይት ይፍሰስ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛ። ከዚያ በማኖቬላ በቀስታ ይሞከር፤ እንቢ ካለ እንደገና ይጠጣ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው በስስ ዝገት ስለሆነ ጊዜ ሲሰጡት ይለቃል፤ ሲያስገድዱት ግን ፋሻው ይሰበራል፣ ግድግዳው ይፋቃል።

መልስ 2 የመጀመሪያውን ሳይነቅፍ ሁለት ነገር ከፊቱ አስቀደመ። እኔ ክሩን ለሚያነብ ሁሉ ይህችን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡ እላለሁ። አንደኛው ውኃ ነው። የዚል ሞተር ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ውኃ ነክ ነው፤ ከታች በላስቲክ ቀለበት ይታሰራል፤ በሁለቱ ቴስታታዎች (የሞተሩ የላይ ክፍሎች) መካከል የተቀመጠው የአሉሚኒየም የአየርና ቤንዚን ማስገቢያም በውስጡ የሞተር ውኃ ያልፍበታል። ላስቲኩ ወይም የማስገቢያው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከደረቀ ውኃው የሚወርደው ዘይት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማኖቬላ ከመንካት በፊት የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ቡሎን ትንሽ ላላ ይደረግ። ከዘይት በፊት ውኃ ከወጣ፣ ሞተሩ ቢላቀቅም ኮፓው ሳይወርድ፣ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ሳይታይ እንዳይነሣ። ሁለተኛው ቫልቮላ (የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ) ነው። ዓመታት ክፍት ሆኖ የቆየ ቫልቮላ ማረፊያው ውስጥ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲነቃነቅ እሱ አይመለስም፤ ቫልቮላውን የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል። የቴስታታዎቹ ክዳኖች ተነሥተው፣ እያንዳንዱ ቫልቮላ በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ መውረድና መመለሱ ይረጋገጥ። ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ከ0.25 እስከ 0.30 ሚ.ሜ ነው፤ የመግቢያውም የመውጫውም እኩል።

መልስ 3 እና 4 ፎቶ ላክልን የሚሉና ምስጋና ናቸው።

መልስ 5 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው በከባድ መኪና ላይ ብዙ የሠሩ አዛውንት መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ የኋላ መልሶች ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። እሳቸው ለሞተሩ ጥያቄ አንድ ቃል አልመለሱም። ፍሬኑ ያልታየ ስድስት ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን ብረት አስነሥቶ ጎንደር ዳገት ላይ ማውጣት ሰው መግደል ነው ብለው ቁጭ አደረጉት። ምክንያታቸውንም ዘረዘሩ። ዚል-131 ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ በአየር ነው፤ የዛሬዎቹ ከባድ መኪናዎች አየር ሲያልቅ ራሱ የሚይዝ የስፕሪንግ ፍሬን አላቸው፣ የዚህ ትውልድ ዚል ግን የለውም። አየሩ ካለቀ ፔዳሉ ባዶ ነው። የቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱም ጎማ ላይ ያለ ሳይሆን ከሪዶታው (ኃይሉን ለየአክስሉ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ጀርባ ባለው ታምቡር (የብረት ከበሮ) ላይ የሚይዝ ነው። ከአዘዞ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ኮምፕሬሰሩ አብሮ ይቆማል፤ ደርቆ በተሰነጠቀ ላስቲክ የሚያፈስ ታንክ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይራቆታል።

መልስ 6 ቀና ልብ ነበረው እንጂ ተሳሳተ። የፍሬን ዘይቱ ይቀየር፣ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ አየሩ ይውጣ አለ። መልስ 7 በቁጣ መለሰ፤ ዚል-131 ላይ የፍሬን ዘይት የሚባል ነገር የለም፣ የማያውቁትን መጻፍ አደጋ ነው አለ። ቃሉ ከሚገባው በላይ ቢመርም ልዩነቱን ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል። ኦራል-375ዲ አየር ዘይቱን የሚገፋበት ድብልቅ ፍሬን አለው፤ የአሜሪካው ባለ ሁለት ቶን ተኩል ኤም-35ም እንዲሁ ነው። ጋዝ-66 በዘይት ሆኖ በቫኩም ይታገዛል። ዚል-131 ግን ከፔዳሉ ሥር ካለው ቫልቭ እስከ ጎማው ድረስ አየር ብቻ ነው። ሰው የመኪናውን ስም ሳይጠይቅ ወታደራዊ መኪና እያለ በአንድ ቅርጫት ከከተተው ስሕተቱ እዚህ ነው የሚጀምረው። መልስ 8 ላይ ስድስተኛው ጸሐፊ ተመልሶ በአእምሮው የነበረው ኦራል እንደሆነ ገለጸ፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ ኦራል ለያዘ ሰው ግን ምክሩ እንደሚጸና ጨመረ። ልክ ነው።

መልስ 9 የክሩ ትልቁ ነው። ፍሬኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደው፤ እኔም ሳላሳጥር ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የአየር ታንኮቹ ከሥራቸው ያለው ማፍሰሻ ይከፈታል። ለዓመታት የተጠራቀመ ዝገትና ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ይወጣል፤ ታንኩ ከውስጥ መበላቱ ካጠራጠረ በአየር ሳይሆን በውኃ ተሞልቶ ነው ግፊት የሚፈተነው፤ ውኃ የሞላው ታንክ ቢሰነጠቅ ያፈስሳል፣ አየር የሞላው ቢሰነጠቅ ይፈነዳል። ቀጥሎ ስድስቱ የፍሬን አየር ሳጥኖች ይከፈታሉ። በውስጣቸው ያለው ጨርቅ ያለበት ላስቲክ በጣት ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ፣ ትንሽ ነው ተብሎ አይመለስም፤ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ከሳጥኑ የሚወጣው ዘንግ ፔዳል ሲረገጥ ስንት እንደሚጓዝ በማስመሪያ ይለካል፤ የፊቶቹ ከ15 እስከ 25 ሚ.ሜ፣ የኋላዎቹ ከ20 እስከ 30 ሚ.ሜ ጥሩ ነው። 35 እና 40 ሲደርስ ላስቲኩ የመጨረሻው ጥግ እየደረሰ ስለሆነ ማጥበቂያው ይጠበቃል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ግራና ቀኙ እኩል መጓዝ አለባቸው፤ ካልሆነ መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ቀጥሎ የየጎማው ታምቡር ይወጣል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥብቅ ነበር፤ እኔም ቃሉን ላጠብቅ። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን የሚይዘው ሽፋን) አስቤስቶስ አለበት። ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ዱቄት በኮምፕሬሰር አየር መንፋት የጋራዦቻችን ልማድ ነው፤ ለሳንባ የሚተርፈው ጠንቅ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። ዱቄቱ በውኃ ረጥቦ፣ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁም በፌስታል ታስሮ ነው የሚጣለው። ሸራው ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይድንም። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ገጽ በታች ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ከቀረው አዲስ ሸራ ይመታል፤ ሲመታም ከመሃል ወደ ጫፍ ነው፣ ከጫፍ ከተጀመረ ሸራው መሃሉ ላይ ይነፋል። ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋው ካም በማረፊያው ውስጥ ደርቆ ከተጣበቀ ወጥቶ ይጸዳል፣ ይቀባል፤ ግሪሱ ግን ከመጠን ካለፈ ሸራው ላይ ይደርሳል።

የመጨረሻው ፈተና ይህ ነው። ታንኩ ከ6 እስከ 7 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሞላ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሰዓት ይያዝ። ፔዳሉ ሳይረገጥ በ30 ደቂቃ፣ ተረግጦ ተይዞ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ መውረድ የለበትም። ከወረደ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባ። ለዚህ ሥራ የመኪናው ሞተር አያስፈልግም፤ ከጋራዥ ኮምፕሬሰር በቱቦ መሙላት ይቻላል። ስለዚህ ፍሬኑን ለመሥራት ሞተሩ ቀድሞ መነሣት አለበት የሚለው ሰበብ በዚሁ ፈረሰ።

መልስ 10 ለዚህ ማሟያ ናት፤ አጭር ብትሆንም ሰው የምታድን ናት። የእጅ ፍሬኑ ከሪዶታው በሚወጣው ካርዳን (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያደርስ ዘንግ) ላይ ስለሚይዝ፣ ክሮቼራ (የካርዳኑን መጋጠሚያ) ለመቀየር ወይም መኪናውን ለመጎተት ብሎ ያንን ካርዳን የፈታ ሰው መኪናውን ያለ ምንም ፍሬን ትቶታል። ስለዚህ ካርዳን ከመፈታቱ በፊት በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ፤ ድንጋይ ሳይሆን የተጠረበ ወፍራም እንጨት። አንዱ ጎማ በክሪክ ከተነሣም የእጅ ፍሬኑ አይታመንም፤ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ስለሚያዞረው በዚያው አክስል ላይ መሬት የነካው ይለቃል።

መልስ 11 ሁለተኛውን ጥያቄ አነሣ፤ ክሩም ለሁለት ተከፈለ። ቤንዚኑ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ኖሮት በመቶ ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ይበላል፣ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተር ቢገባ ግማሹን ይቀንሳል አለ። መልስ 12 ተቃወመ፤ ማን ሊያደንቀው ነው፣ ዚል የሚለው ያ ስምንት ሲሊንደር ድምፁ አይደለም ወይ አለ። መልስ 13 በስሜት ገባ፤ ነዳጁን የማይከፍል ሰው ስለ ድምፅ ያወራል የሚል ዓይነት ነገር ጻፈ፤ ከመድረኩ አስተናጋጅም ማሳሰቢያ ደረሰበት። ውይይቱን ወደ መስመር የመለሰው መልስ 14 ነው፤ ሒሳብ ይዞ መጣ። መኪናው ለበዓልና ለጉብኝት በዓመት 500 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 200 ሊትር ቤንዚን ይበላል። ናፍጣው ግማሹን ቢያድን በዓመት 100 ሊትር ነው። በሌላ በኩል የሞተር መቀመጫ በብየዳ መቀየር አለበት፤ የፍሪሲዮን ቤቱና ካምቢዮው የሚገናኙበት ሰሌዳ በቶርኖ ይሠራል፤ የሞተሩ ፍጥነት ስለሚለይ ማርሾቹ አይስማሙም፤ ለፍሬኑ የሚበቃ ኮምፕሬሰር ይፈለጋል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም ስለሚለወጥ ለውጡ ተመዝግቦ ካልጸና ዓመታዊው ምርመራ አያልፍም፣ ቦሎ አይገኝም። የእኔም ፍርድ ከዚህ ጋር ነው። ለጭነት የሚሠራ መኪና ቢሆን ናፍጣው ትክክል ነው። ቅርስ ብለው ለሚያቆሙት ግን የመጀመሪያው ሞተር ከወጣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይገባም፤ ግቢ ጥግ ዝናብ ሲመታው ይቀራል።

መልስ 15 ጎንደር ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚጠቅም ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። የሞተሩ የ150 ፈረስ ጉልበት እዚህ 120 ገደማ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ደከመ ብሎ መፈታታት አይገባም። የኮምፕሬሽን መለኪያም እንዲሁ ዝቅ ይላል፤ መጽሐፉ 7 ኪሎ የሚለው ደህና ሞተር ጎንደር ላይ 5.5 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንት ደህና ሞተር ፋሻው አልቋል ተብሎ ተከፍቷል። መታየት ያለበት በስምንቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል። አንዱ ብቻ ዝቅ ብሎ ዘይት ሲንጠባጠብበት ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ካልለወጠው ቫልቮላ ነው።

ውኃም እዚህ ከተማ በ93 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ መኪናው ዳገት ላይ በፈላ ቁጥር የውኃ ፖምፓው ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ላስቲክ ነው። ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ ለሚያስብ ደግሞ ከፍታው ሲጨምር ነጥቡ የበለጠ ይወርዳል። ካርቡሬተሩ በስስ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የቤንዚን መመጠኛውን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ማጥበብ ነው እንጂ ካንዴላ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

መልስ 16 ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። የወታደር ዚል ሬዲዮ እንዳይረብሽ ካንዴላው፣ ገመዱና ዲስትሪቡተሩ (እሳት አከፋፋዩ) በብረት ተሸፍነዋል። ሽፋኑ እርጥበት ሲገባበት አይደርቅም፤ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን አዲስ ይመስላል። ለመጀመሪያ ማስነሣት የዚል-130 ዲስትሪቡተርና ተራ ካንዴላ መግጠም ያዋጣል፤ የመጀመሪያው ተፈቶ ተጸድቶ በሣጥን ይቀመጥ፣ አይጣል። የእሳቱ ተራ 1-5-4-2-6-3-7-8 ነው። ከ1 እስከ 4 በአሽከርካሪው ቀኝ ካለው መደዳ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከ5 እስከ 8 በግራው ነው የሚቆጠረው። ገመድ በተሳሳተ ሲሊንደር የገባበት ሞተር በካርቡሬተሩ ይተኩሳል፤ ሰውም ጥፋቱን ቫልቮላ ላይ ይፈልጋል።

መልስ 17 ክሩን ከመንገዱ አወጣው። ይህ መኪና የጣልያን ጊዜ ቅሪት ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሊማሊሞን ስለወጡት የጣልያን ካሚዮኖችም በናፍቆት ጻፈ። መልስ 18 በጨዋነት አረመ። የሊማሊሞ መንገድ የጣልያን ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ በላዩ የሄዱትም እንደ ፊያት 634 እና ላንቻ 3ሮ ያሉ የናፍጣ ካሚዮኖች ነበሩ። የጎንደሩ የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ዚል-131 ግን በፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወደ ሀገራችን በብዛት የገባው የሶቪየት ዕርዳታ ከጀመረበት ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው ስምምነት በኋላ፣ ሠራዊቱ በአሜሪካ መኪና ነበር የሚሄደው። ዘመኑን ማወቅ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ቡሎኑ በኢንች ይሁን በሚሊ ሜትር የሚነግረን እሱ ነው፤ በኢንች ቁልፍ የሩሲያን ቡሎን የፈታ ሰው ጠርዙን ይበላዋል።

መልስ 19 ወደ ጎማ መለሰን፤ አነጋገሩ ስለታም ነበር፣ መሆንም ነበረበት። ባለ ቀለበት ቸርኬ ከመፈታቱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ አየሩ እስከ መጨረሻው ይውጣ። ዳዶው (ጎማውን የሚያስረው ብሎን ላይ የሚጠብቀው) በግራ ጥርስ ይሁን በቀኝ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ምልክት ይታይ፤ የዚያ ዘመን ብዙ መኪናዎች የግራ ጎን ጎማቸው በግራ ጥርስ ነው፤ በተሳሳተ አቅጣጫ አንድ ሜትር ቧንቧ አስገብቶ የሚታገል ሰው ቡሎን ይቆርጣል። ሲገጠምም ቀለበቱ ዝገቱ ተጠርጎ ማረፊያው ላይ ሙሉ ለሙሉ መቀመጡ ይታይ፤ ሲነፋ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ወይም በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰውም ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ርቆ ይቁም። የዘለለ ቀለበት አንገት ይቆርጣል።

መልስ 20 ስለ ጎማው ልክ አወራ። ልኩ 12.00-20 ነው፤ የቻይና ገልባጭ መኪናዎች የሚያደርጉት ባለ 12.00 ጎማ ቸርኬው ላይ ይገባል፣ በቀላሉም ይገኛል። ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ዚል ጭቃ ላይ የጎማውን አየር እስከ ግማሽ ኪሎ አውርዶ የሚሄድበትን ዘዴ አይችልም፣ ውስጡ ይፈረካከሳል። በአስፋልት ብቻ ለሚሄድ ይበቃዋል። ሌላም ምክር አለው፤ ዚል ጎማውን ራሱ ስለሚነፋ፣ ያ አየር በአክስሉ ጫፍ በላስቲክ ማሸጊያ ውስጥ ስለሚያልፍና ያ ማሸጊያ መጀመሪያ የሚደርቅ ስለሆነ፣ መኪናው ሲቆም በየጎማው ላይ ያለው መዝጊያ ይዘጋ። ያልተዘጋ መኪና በማግሥቱ ጎማው ተኝቶ ይገኛል፤ ባለቤቱም ጎማ ሠሪ ጋ ይሮጣል።

መልስ 21 የቤንዚን ጋኖቹን አነሣ። ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዱ 170 ሊትር ይይዛል። አሮጌው ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ጠንክሮ ታች ይተኛል። ባዶ የቤንዚን ጋን ቤንዚኑ ካለቀ በኋላም በትነት የተሞላ ስለሆነ ብየዳ ካስፈለገው በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከሚበየደው ቦታ ሥር ድረስ ውኃ ሞልቶ ነው። ባዶውን በእሳት የነካ አይተርፍም።

መልስ 22 ለክሩ አዲስ ጉዳይ አመጣ፤ ማንም ያላሰበው ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሰ መኪና ከመቀመጫው ሥር፣ ከመሣሪያ ሣጥኑና ከካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) ወለል ሥር ጥይት ወይም ሌላ ፈንጂ ሊገኝበት ይችላል። ብየዳና መፍጫ ከመጀመሩ በፊት በዓይን ብቻ ይፈተሽ፤ የተገኘ ነገር በእጅ አይነካም፤ ሰው ከግቢው ይውጣ፣ ፖሊስ ይጠራ። ስለ ቀለምም ጨመረ፤ አንቲሩጂን (ዝገት መከላከያ ቀለም) ከመቀባቱ በፊት ዝገቱ እስከ ብረቱ ይፋቅ፤ በር ሥርና መስታወት ሥር ያለው ስፌት በክረምቱ ዝናብ ውኃ ስለሚይዝ ስቱኮ ሞልቶ መደበቅ ዝገቱን መሸፈን ነው፤ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ይበየድ። የሠራዊት ምልክትና ቁጥር መልሶ መጻፍን በሚመለከት አስቀድሞ መንገድ ትራንስፖርት ይጠየቅ አለ፤ ከዚህ በላይ መከራከሩን አስተናጋጁ አቆመው።

መልስ 23 ስለ መለዋወጫ ነው፤ ጠያቂው ሲጠብቃት የነበረችው። ዚል-131 እያሉ ቢጠይቁ ሻጩ የለም ይላል፤ የሞተሩ አብዛኛው ዕቃ ከሲቪሉ ዚል-130 ጋር አንድ ስለሆነ ዚል-130 ብሎ መጠየቅ ነው። ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፣ የውኃ ፖምፓ እንዲህ ይገኛሉ፤ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ሰፈር ሶማሌ ተራ መጀመሪያ ይታይ። ኩሽኔታ በስም አይፈለግም፤ በጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ተጽፎ ይኬዳል፣ ቁጥሩ ከተበላ የውስጡ፣ የውጩና የውፍረቱ ልክ በካሊፐር ይያዝ። ፓራኦሊዮም (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) እንዲሁ በልክ ይገዛል። የፍሬን አየር ሳጥኑን ላስቲክ ግን ከተራ የጎማ ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጨርቅ የሌለው ላስቲክ በአየር ግፊት ይለጠጣል፣ ዘንጉ ረጅም ይጓዛል፣ አንድ ቀን በቁልቁለት ይቀደዳል። ለናሙና የወጣው አሮጌው ዕቃ ሁሉ አዲሱ ተገጥሞ እስኪፈተን አይጣል።

መልስ 24 የጠያቂው የራሱ ነው። መኪናውን በራሱ ኃይል ሽቅብ የመንዳቱን ሐሳብ ትቷል፤ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ይወስደዋል፣ አለዚያም ሥራው እዚያው አዘዞ ግቢው ውስጥ ይሠራል። ኮፓውን አላልቶ አይቷል፤ መጀመሪያ የወጣው ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውኃ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን ትቶ ከፍሬኑ ጀመረ። ከስድስቱ የአየር ሳጥኖች አራቱ ላስቲካቸው ተሰንጥቋል፤ የስድስቱንም ልክ ለክቶ ለሶማሌ ተራ ጽፏል። የሁለተኛው አክስል የግራ ታምቡር በክሪክም በመዶሻም አልወጣ ብሎታል፤ ማጥበቂያውን እስከ መጨረሻው ማላላቱን ረስቶ እንደሆነ መልስ 5ን የጻፉት ጋሼ ከሥሩ ጠየቁት፤ ታምቡሩ ዳር ላይ በዝገት ከንፈር ስላወጣ ሸራው ተጠግቶበት ነው፣ ካሙን ወደ ኋላ መልሰህ ሞክር አሉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠያቂው ታምቡሩ ወጣ ብሎ ጻፈ፤ የሸራው ሪቬት ራስም ታምቡሩን መፋቅ ጀምሮ ነበር።